ቀለም ቆጠራ

ከጥቁር አንበሳ በር ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጎማ ቁጠባ ሲታጠፍ፣
አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች፣ ሁለት ሰው የማታሳልፍ።
መስኮት የላት፤ አንድ አምፖል፤ የትኩስ ወረቀት ሽታ፤
ከማሽኑ ጀርባ ጉርሜሳ፣ ወረቀት ሲይዝበት በጥፊ የሚመታ።

የማስተርስ ማስታወሻዬን ሁሉ፣ ገጹን በሁለት ብር ሒሳብ፣
እሱ ነው ያባዛልኝ፤ የፈንገሱን ዘር፣ የትላትሉን ሕዝብ።
ሲያባዛ ያነባል። «ይቺስ?» ይላል፣ ቀለም በነካው ጣቱ ጠቁሞ፤
«በሃያ ደቂቃ ትባዛለች» ስለው ይስቃል፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፤
«እኔስ ብትይ! በሃያ ደቂቃ ስንቱን አወጣለሁ፣ መብራት ካልሄደ!»
ከዚያ ሳሉ መጣና ሳቁን አስከትሎ ወሰደ።

የሳንባ ነቀርሳን ገጽ ያባዛ ዕለት ሥዕሉን አየና ቆየ።
«ቀይ ነበር አይደል? በኔ ማሽን ቀይ ጥቁር ነው፤ ምኑም አልተለየ።»
እውነቱን ነው። ያን በሽታ በጥቁርና ነጭ ተማርኩት፣
ለፈተናም በጥቁርና ነጭ ሸመደድኩት።

ዶክተር ሙሉጎጃም ግን እንዲህ አለችን፣ ጓንቷን እየሳበች፦
«ይሄ ተህዋስ ሰነፍ ተማሪ ነው፤ ቀለም ቶሎ አይገባውም» አለች።
«ከሥሩ እሳት ለኩሱበት። አንዴ ከገባው ግን አሲድ ጨምሩ፣ አልኮል ጨምሩ፣
አይለቅም። ከእናንተ እሱ ይሻላል!» ክፍሉ ሳቀ፣ እስከ በሩ።

ቀይ። እሳት። እጠቢ።
አሲድ። እጠቢ። ሰማያዊ። እጠቢ።
አንድ ጠብታ ዘይት፤ ሌንሱን ዝቅ፤ ዐይንሽን አቅርቢ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዝናብ የላብራቶሪውን መስኮት ሲወቅር፣
አንድ የአክታ ኩባያ ደረሰኝ። ክዳኑ ላይ ያለው ቁጥር
ከወረቀቱ ጋር መመሳከር አለበትና፣ አመሳከርኩ፤
ጉርሜሳ በዳሳ፤ ወንድ፤ ሠላሳ አራት። ስሙን ደግሜ አነበብኩ።

ሰማያዊ ሜዳ ነው ዓለሙ፣ ጭጋግ የመሰለ፤
ጥግ ላይ አንድ ቀይ ጭረት፣ ጎንበስ ያለ።
ከዚያ ሁለት። ከዚያ እንደ ተሰባበረ ክብሪት የተከመረ።
ልጅ ሳለሁ አባቴ «ቀለም ቁጠሪ፣ ሰው ትሆኛለሽ» ይለኝ ነበረ።
ይኸው ቆጠርኩ፤ በአንዱ እይታ ሦስት፣ በሌላው ሰባት፣ በሌላው ዘጠኝ፤
በገጹ ላይ ጥቁር ብሎ ያለፈኝ፣
ማሽኑ የነፈገኝን ቀይ፣ ደረቱ አስቀምጦ ጠበቀኝ።

ሁለት መደመር ጻፍኩ፤ ከሰው ላይ የሚቀንስ መደመር።
ፈረምኩ። ስም መጥራት፣ ቤት ሄዶ መንገር፣ የኔ ሥራ አልነበር።

በማግስቱ ወደ ማባዣው ወረድኩ፤ ቅጂ አልፈለግኩም።
ተዘግቷል። ሐሙስም። ሰኞም።

ወር ሊሞላ ሲል ተከፈተ። ከስቷል፤ ኮሌታው ሰፍቶታል።
ቆርቆሮውን ቀዶ መስኮት አውጥቷል፤ ነፋስ እንደልቡ ይገባል፤
ቅጂው እንዳይበር በየክምሩ ላይ ድንጋይ ጭኗል።
«ያኔ ያመጣሽውን ገጽ፣ አንድ ለራሴ አስቀርቼ ነበር፤
‹መስኮት ክፈቱ› ይላል፣ ከታች ሦስተኛው መስመር።
ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ነኝ፤ ነርሷ እያየችኝ ነው የምውጠው።
ሽንቴን አቀላው ደግሞ! ባለ ቀለም ማሽን አደረገኝ፣ ምን ልበለው?»
ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ሳሉን ጠበቅኩ። አልመጣም።
ኩባያውን ማን እንደ ከፈተ አያውቅም። አልነገርኩትም።

ከቸርችል ቁልቁለት ነፋስ ተነሥቶ አንዱን ክምር በተነው፤
የማላውቀው ሰው የኪራይ ውል፣ የልጆች ፈተና፣ አስፋልቱን ሸፈነው።
ታክሲ እያስቆምን ስንለቅም ሮጦ ቀደመኝ፤ እኔ ነኝ ያለከለክሁት።
የኔን ገጽ ከጎማ ሥር አወጣው፤ አቧራውን በትንፋሹ እፍ አለው፤
ሰጠኝ።
ተቀበልኩት።